የመምህሩ አንቱታ

ፕሮፌሰሩ የተገኙት ቢሮአቸው ውስጥ፣ ከድንጋይ መደርደሪያው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ማጅራታቸውን ተመትተዋል። ያን ቀን የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ነበርና የአዳራሹ ጭብጨባ ቢሮው ድረስ ይሰማል። ጸሐፊያቸው፣ የንግግር ተራዎ ደርሷል ልትላቸው ሄዳ ነው ሬሳ ላይ የደረሰችው።

መርማሪዋ ስትመጣ ወሬው ቀድሟት ግቢውን አዳርሶታል። ገዳዩ ታውቋል ተብሏል። የመመረቂያ ጽሑፉን ፕሮፌሰሩ ደጋግመው የመለሱበት የዶክትሬት ተማሪ ነው አሉ፤ ምስክርም አለ። ልጁ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈታኞቹ ፊት ቀርቦ ዶክተር ሊባል ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው እስር ቤት ነው።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩ አልቋል፣ ፊርማሽን አኑሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ አላት። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጆሮ» ነው የሚሏት። ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ትሰማለች። ሰው ሲያጣድፋት ደግሞ ይብስባታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለችው፤ ወደ መደርደሪያውም ሄደች።

ፕሮፌሰሩ የሥነ ምድር መምህር ነበሩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው፤ ሁሉም በየዓይነቱ ተደርድሮ ስስ አቧራ ለብሷል። ከጥቁሮቹ መካከል አንዱ ብቻ አቧራ የለውም። በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል፤ ሥሩ ላይ ግን አንድ ነጭ ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል።

«ለእኔና ለአንተ ይሄ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው» አለችው አዛዡን። «ይህን የመለሰው ሰው ግን ደንግጦም እንኳ ቦታውን አልሳተም። ድንጋይ የተማረ ነው።»

በዚያ ሰዓት ድንጋይ የተማረው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያልነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ተማሪው፣ የትምህርት ክፍሉ ምክትል ኃላፊና ባለማዕድኑ። ባለማዕድኑ የሚሉት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባው የተገኘውን፣ የማዕድን ኩባንያ ያለውን የድሮ ተማሪ ነው። ምስክሩም እሱ ነው።

ባለማዕድኑ ረጋ ያለ፣ አለባበሱ ያማረ ሰው ነው። ስልክ ላናግር ብሎ ከአዳራሽ እንደወጣ፣ በቢሮው በር ሲያልፍ ፕሮፌሰሩ ሲጮሁ እንደሰማ ነገራት። ወዲያው፣ ቀደም ሲል ሻይ ላይ የተዋወቀው ልጅ ከውስጥ እየሮጠ ሲወጣ ጀርባውን አይቷል።

«ምን ብለው ነው የጮሁት?»

«‹አንተ ድንጋይ ራስ፣ ቦታህ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ውጣልኝ› ነው ያሉት። ነፍስ ይማር፣ ቁጡ ነበሩ።»

ተማሪው ያን ሁሉ ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ድንጋይ ሲቆርጥ እንደነበር ተናገረ። ያየው ሰው ግን የለም። ጽሑፉ ሲመለስበት አልቅሶ እንደሚያውቅም አልደበቀም።

«ትጠላቸው ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«አንዳንድ ቀን አዎ።»

«መጨረሻ ላይ ምን አሉህ?»

«‹እርስዎ ከዚህ የተሻለ ይችላሉ፤ ባይችሉ ኖሮ ጽሑፍዎን አልመልስብዎትም ነበር› አሉኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አሁን ይሄን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ እርስዎ የምትለዋን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ምክትል ኃላፊው ሲጠየቅ ላብ በላብ ሆነ። የፕሮፌሰሩን ወንበር ሲመኝ እንደኖረ ድንጋዩም ጣራውም ያውቃል። የት እንደነበር ለመናገር ግን ከመጠርጠሩ ይልቅ እፍረቱ ከበደው፤ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በመስታወት ፊት ንግግሩን ሲለማመድ ነበር። ጸሐፊዋም ከአዳራሹ ስትወጣ ስትገባ ድምፁን በግድግዳው በኩል ሰምታ፣ የሚያበረታታው ሰው አጥቶ ለራሱ «እናመሰግናለን» ሲል ስቃበት እንደነበር አረጋገጠች።

እሱ ከተረጋጋ በኋላ መርማሪዋ የፕሮፌሰሩን አነጋገር ጠየቀችው።

«ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ቅጽል ስም ‹አንቱ› ነው» አላት። «እሳቸው አንተ የሚሉት ሰው ስለሌለ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን ሕፃን፣ ገና በእግሩ ያልቆመውን፣ ‹እንደምን አደሩ?› ይሉታል።»

«ሲቆጡስ?»

«ሲቆጡማ ይብሳል፤ ‹እርስዎ ሰነፍ ነዎት› ይላሉ።»

ድንጋይ ራስ ብለው ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። ያን ቃል ሌላ ሰው እንኳ ሲናገረው ክፍሉን ጥለው ይወጡ ነበር አላት። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ የመጀመሪያ ንግግራቸው አንድ ነው፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ድንጋይ የሚባለው ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚያም ስሙን የማይጠሩትን የአንድ ተማሪ ታሪክ ያወራሉ።

መርማሪዋ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ በሩን ተደገፈ፤ ተማሪው በፖሊሶቹ መሃል ቆመ።

«የሰሙትን እስቲ ይድገሙልኝ» አለችው ባለማዕድኑን።

ደገመው። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም።

«ሰው በበር ሲያልፍ የሰማውን እንዲህ አድርጎ አይሸመድደውም» አለች። «ይሄ ዛሬ የተሰማ ቃል አይደለም፤ ቆይቷል።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «እማማ፣ አንቺ ብለውዎት ያውቃሉ?»

«ፀጉሬ እዚሁ ነው የሸበተው፤ አንድ ቀን አንቺ አላሉኝም።»

ተማሪውም ምክትል ኃላፊውም ራሳቸውን ነቀነቁ። መርማሪዋ ቀጠለች። ፕሮፌሰሩ በወጣትነታቸው፣ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳሉ፣ ምላሳቸው መርዝ ነበር። አንድ ቀን ጥያቄ የተሳሳተን ልጅ በክፍሉ ፊት ድንጋይ ራስ አሉት፤ ቦታህ መደርደሪያው ላይ ነው አሉት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ወጣ፤ በዚያው ቀረ፤ ትምህርቱን ሌላ አገር ሄዶ ጨረሰ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው አንተ ብለው አያውቁም።

«ይህን የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል» አለች። «የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ የተሰደበው ልጅ ራሱ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚህ አልነበረማ። እርስዎ ይህን ተማሪ ለማስያዝ ውሸት ሲፈልጉ አፍዎ ላይ የመጣው የራስዎ ቁስል ነው። አይደለም እንዴ?»

ከፖሊሶቹ አንዱ የተማሪውን ክንድ ለቀቀ።

«ዘንድሮ እንዲጠሩ ያደረገውስ ማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

ምክትል ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሳልወጣ ይህን ሰው ማየት አለብኝ ብለው አድራሻውን ያፈላለጉት ራሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም ነበር።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለ ባለማዕድኑ በዝግታ።

«የወጋውም አልረሳም ነበር» አለችው። «ሲገቡ ምን አሉዎት?»

ሰውየው ሲናገር አንቱታውን ትቶት ነበር።

«‹ይግቡ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ› አለኝ። ስድብ ቢሆን ለምጄዋለሁ። እኔ ያቺን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜ ስኖር፣ እሱ እንደማያውቀው እንግዳ እርስዎ ይለኛል። ወንበር ሊስብልኝ ዞር አለ። ረስቶኛል ብዬ ነው እኮ የመታሁት።»

ጸሐፊዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አዛዡ ካቴናውን አውጥቶ ወደ ባለማዕድኑ ሄደ፤ ሰውየውም ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋለት። ተማሪው መሄድ ትችላለህ ሲባል አልተንቀሳቀሰም። እስከዚያች ሰዓት ለራሱ ሲፈራ ስለነበር ለመምህሩ ማልቀሻ ጊዜ አላገኘም፤ አሁን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰላቸው።