አራት ወረቀት፣ አንድ ማጭድ

«የማንን ማጭድ ነው አራታችሁም የተዋሳችሁት?» አሉ መምህር ደረሰ፣ አራት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ምሥራቅ ግን አልሳቀችም።

የእንግሊዝኛው ፈተና «ሌንድ» እና «ቦሮው» የሚሉትን ቃላት ለይታችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው የሚል ነበር። የመጀመሪያው ማዋስ ነው፤ ሁለተኛው መዋስ። ወንዳወቅ፣ ሰብሊ፣ አደይና ባንቺአየሁ አራቱም ንግሥቴ የምትባል ሴት ለጎረቤቷ ማጭድ አዋሰች ብለው ለመጻፍ አስበዋል። አራቱም ግን ያዋሰችውን ሴት ተዋሰች አድርገዋታል፤ በአንዲት ቃል እንኳ አይለያዩም።

«ይሄ ኩረጃ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? አራታችሁም ዜሮ! ነገ ደግሞ ወላጅ ይዛችሁ ኑ።»

ባንቺአየሁ ብድግ አለች። «ኧረ ቲቸር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙብን። አልኮረጅንም። ምሥራቅ ናት እንዲህ ብላ ያስጠናችን።»

እውነቷን ነው። የጥናት ቡድናቸው መሪ ምሥራቅ ናት። አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ደቀ መዛሙርታቸውን በቃል ሲያስይዙ እያየች ስላደገች፣ እሷም ጓደኞቿን ከትምህርት በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ሰብስባ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እስኪወጡት ድረስ ታስደግማቸው ነበር። ያስያዘቻቸው ግን ገልብጣ ነው። ስህተቷን ያወቀችው በፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍት ገብታ መዝገበ ቃላት ስትገልጥ ነበር። ልትነግራቸው እየሮጠች መጣች። አራቱም የክፍሉ በር ላይ ቆመው ያንኑ እየተቀባበሉ ይሉታል።

«ቀለሜዋ መጣች! ዛሬ ፈተናውን እንደፍናለን በዪን» አላት ወንዳወቅ።

ምሥራቅ አፈረች። ተሳስቻለሁ ማለቱ ከበዳት። ደወሉ ተደወለ። እሷ ትክክለኛውን ጻፈች፤ እነሱ ያስያዘቻቸውን።

መምህር ደረሰ የምሥራቅን ወረቀት ፈልገው አወጡ። «እሷማ በትክክል ነው የጻፈችው። ምሥራቅ፣ እንዲህ ብለሽ አስጠንተሻቸዋል?»

«አላስታውስም ቲቸር።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይሁን፤ የምሥራቅ ግን ዝምታ አልነበረም። ጥርት ያለ ውሸት ነበር፤ እሷም አሳምራ ታውቀዋለች።

በእረፍት ሰዓት ወንዳወቅና አደይ ጀርባቸውን ሰጧት። ሰብሊማ «ሸወድሽን አይደል? ሼም ነው!» ብላት አለፈች። ይሄስ ይቻላል። የጨነቃት ባንቺአየሁ መጥታ አጠገቧ ስትቀመጥ ነው። ባንቺአየሁ ከሽንዲ ገጠር መጥታ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት።

«ምሥራቅዬ፣ እኔ እሆን እንዴ አዙሬ የያዝሁት? አንቺ በትክክል ነግረሽን፣ እኔ ስደግምላቸው አበላሽቼው እንደሁ እንጃ። አንቺማ አትሳሳቺም።»

ምሥራቅ አቀረቀረች።

«አባዬ በርበሬ ለቀማውን ጥለው መጥተው፣ ልጅዎ ኮረጀች ቢባሉ፣ ዕቃዬን ጭነው ነው የሚመልሱኝ» አለች ባንቺአየሁ። «ድሮም እናቴ ለምና ነው የተላክሁት። መቼስ እኔ አይቀርልኝም፤ ያስኮረጅኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ። ሦስቱ እንኳ ይትረፉ።»

«ያላደረግሽውን?»

«ታዲያ ማን አደረገው?»

ይህን ያለችው ለነገር አልነበረም፤ ከልቧ መጠየቋ ነው። ምሥራቅ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ጓደኛዋን የገዛ ጆሮዋን እንኳ እንዳታምን አድርጋታለች። ከዜሮውም ከወላጅ ጥሪውም የከፋባት ይህ ነው።

ባንቺአየሁ ተነሥታ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል አመራች። ምሥራቅም ተከተለቻት። የቡድን መሪነቱ ይቀራል። መሪጌታ ይሰማሉ። ቀለሜ መባሉ ለማላገጫ ይሆናል። አንዱም አልቀለለላትም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን የባንቺአየሁን ክንድ ያዘች።

«እኔ ልቅደም።»

«አንቺ ምን አለብሽና?»

ምሥራቅ በሩን አንኳኳች።

«ግቢ» አሉ መምህር ደረሰ።

ገባች። እጇ በሩን ሊዘጋ ሄዶ ነበር። ቢዘጋ መናገሩ ይቀላል፤ ሰሚው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባንቺአየሁ በረንዳው ላይ ቆማ ታያታለች።

ምሥራቅ በሩን ወለል አድርጋ ተወችውና ወደ መምህሯ ዞረች።