የእሁዷ ኳስ የማን ነበረች?

ኳሷ ከወንድሟ ከኔድ ሆርቫት እጅ ስትወጣ ዊላ የት እንደምታርፍ ታውቅ ነበር። በሜዳው ግራ ጠርዝ፣ ከነጩ መስመር ትንሽ ገባ ብላ። ተቀባዩ ሞሪስ ታልበርት ወደ ፊት ይሮጥና ድንገት ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ፊቱን ሲያዞር ኳሷ ደረቱ ላይ ትደርስለታለች። ሐሙስ ማታ ወንድሟን በስልክ ያስጠናችው ይህንኑ ጨዋታ ነበር። አንድም ቦታ ሳይሳሳት ነበር የመለሰላት።

ሞሪስ ግን ወደ ውጭ አልታጠፈም። ወደ ውስጥ ዞረ። ኳሷ ማንም ወደሌለበት በረረችና የተቃራኒው ቡድን ተከላካይ እቅፍ አድርጎ ያዛት፤ ከዚያም ያለ ከልካይ እስከ ሜዳው መጨረሻ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ።

«ወደ ውጭ ነበር እኮ፣ እማ» አለች ዊላ ከሶፋው ተነስታ። «ሞሪስ ወደ ውጭ ነበር መታጠፍ የነበረበት።»

«አየሁ» አለች እናቷ።

ቴሌቪዥኑ ድምፅ አልነበረውም። አባቷ ካረፈ ወዲህ እናቷ ጨዋታ የምታየው ድምፁን አጥፍታ ነው። ለምን እንደሆነ ልጆቿ ጠይቀዋት አያውቁም። ድምፅ ባይኖርም ግን ሰባ ሺህ ሰው በኔድ ላይ እንደሚጮህ ከአፋቸው ይታይ ነበር። ኔድ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ሄደ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። «ሽመላዎቹ» የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከዩኒቨርሲቲ አምጥቶ ኳርተርባክ ሲያደርገው፣ ኳሱን የሚወረውረውም ጨዋታውን የሚመራውም እሱ ሲሆን፣ ከተማው በሙሉ ጨፍሮለት ነበር። ዘንድሮ ያሸነፉት ግን አንዴ ብቻ ነው። ከፊቱ ቆመው ሊከላከሉለት የሚገባቸው ግዙፍ ሰዎች ተራ በተራ ተጎድተው ወጥተዋል፤ የተተኩት ደግሞ ገና ስማቸውን እንኳ በቅጡ ያልያዘላቸው ሰዎች ናቸው። በየጨዋታው ይደፋል፤ ይነሳል፤ ሣሩን ከፊቱ ጠርጎ ደግሞ ይሞክራል።

ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ሲከቡት ዊላ ድምፁን ከፈተች። እናቷ አልከለከለቻትም።

«ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ምን ሆነች?» አለው አንዱ። «ከታልበርት ጋር አልተግባባችሁም?»

«ኳሷ የኔ ነች» አለ ኔድ። «ጥፋቱም የኔ ነው። ሞሪስ ምንም አላደረገም።»

«ውሸታም» አለች ዊላ ለቴሌቪዥኑ።

አሰልጣኙም ቀጥሎ ወጣና በሚቀጥለው እሁድ ማን እንደሚጀምር ረቡዕ እንደሚያሳውቅ ተናገረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ኳርተርባኩ ቦታውን ሊነጠቅ ነው ማለት እንደሆነ በኦሃዮ የሕፃናት መዋያ ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

*

ሰኞ በትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ትሬይ የሚባለው ልጅ በልቶ የተረፈውን ፖም ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ወረወረና ሆን ብሎ ግድግዳውን መታ። «ሆርቫት ወረወረ!» አለ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ዊላ ሳህኗን ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። «እሱ ሲስት ሰባ ሺህ ሰው ቲኬት ቆርጦ ነው የሚያየው» አለችው። «አንተን በነፃ እንኳ ያየህ ሦስት ሰው ነው። ፖሙን አንሳ፤ የጽዳት ሠራተኛው ወንድምህ አይደለም።»

ሳቁ ወደ ትሬይ ዞረ። እሷም ሄዳ ኬንድራ አጠገብ ተቀመጠች።

ኬንድራ ሎው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። በየጠዋቱ በየክፍሉ ስክሪን የሚታየውን የትምህርት ቤቱን ስርጭት የምትመራው እሷ ነች፤ የምሳ ዝርዝር፣ የልደት መልካም ምኞት፣ የጠፋ ጃኬት። ክረምት ላይ ለወጣት ጋዜጠኞች የሚሰጥ ሥልጠና ለመግባት አመልክታለች። የሥልጠናው አዘጋጆች ደግሞ የጠፋ ጃኬት ሳይሆን እውነተኛ ዜና የያዘ ቪዲዮ ነው የሚፈልጉት።

«በጣም ነው ሙድ የያዙበት፣ አይደል?» አለች ኬንድራ። «ማታ በኔድ የሚያሾፉትን ቪዲዮዎች አይቼ አንቺን አሰብኩ። አትክፈቻቸው እሺ?»

«ከፍቻቸዋለሁ። አንዱን ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ።» ዊላ ሹካዋን አስቀመጠች። «ኬን፣ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ሞሪስ ነው በተሳሳተ አቅጣጫ የሮጠው። ጨዋታውን እኔ ራሴ ነኝ ያስጠናሁት።»

ኬንድራ ማኘክ አቆመች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደ ስሜ።»

«ታዲያ ነገ ጠዋት ውጪና ተናገሪው። ዊላ፣ የምሬን ነው። የኳርተርባኩ እህት ብትናገረው እስከ ምሳ ድረስ የከተማው ቴሌቪዥን ያነሳዋል። አሰልጣኙ ደግሞ ረቡዕ ነው የሚወስነው ብለሽኛል። እሱ ራሱ አይናገርም። ማን ይናገርለት?»

ለዊላ ይህ ፍትሕ መስሎ ታያት። ቀላልና ትክክል። «እሺ» አለች። የቀረውን ትምህርት በሙሉ የምትለውን ዓረፍተ ነገር በልቧ ስታስተካክል ዋለች።

*

«ሄሎ አሰልጣኝ» አለ ኔድ ማታ ሲደውል። ማስጠናት ከጀመረች ወዲህ የሚጠራት እንዲህ ነው። «የጨዋታ ወረቀቶቹን አውጪ። ዛሬ አትማሪኝ።»

«የእሁዱን ልጠይቅህ መጀመሪያ። ወደ ግራ ጠርዝ ያለችውን። ሞሪስ ወዴት ነው የሚታጠፈው?»

ሲስቅ ሰማችው፤ ደስታ የሌለበት፣ ግን ንዴትም የሌለበት ሳቅ። «ወደ ውጭ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም።»

«ኔድ፣ ነገ በትምህርት ቤቱ ስርጭት ላይ እናገረዋለሁ። ለኬንድራ ነግሬያታለሁ። አንተ ጨዋ ልሁን ብለህ ቦታህን ሲወስዱብህ ቁጭ ብዬ አላይም።»

«ጨዋ!» አለ። «እማ ብትሰማሽ ደስ ይላታል።» ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ስሚኝ። የምነግርሽ ካንቺ እንዳያልፍ። ጋሼ ሞ ጉልበቱ አብጧል።»

በቡድኑ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁሉ ሞሪስን ጋሼ ሞ ነው የሚሉት። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ስለሆነና ከአውቶቡስ ሲወርድ ስለሚያቃስት ነው።

«የቀኝ ጉልበቱ ነው» ቀጠለ ኔድ። «ወደ ግራ ውጭ ለመታጠፍ ደግሞ በቀኙ ነው የሚረግጠው። ረገጠ፤ እግሩ እምቢ አለው፤ እንዳይወድቅ ወደ ውስጥ ዞረ። ይሄው ነው።»

«ከዚያስ? ያው የሱ ጥፋት ነው። ለምን ለሐኪሞቹ አልተናገረም?»

«በሱ ዕድሜ ጉልበቴን ካልሽ ቦታሽን ላንድ ጎረምሳ ሰጥተውት ነው የምትመለሺው። ጥሩ አደረገ አላልኩም። አሁን የምነግርሽ ስለ እኔ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየሁት፣ ዊላ። ኳሷ ሳትነሳ በፊት፣ ልንጀምር ስንቆም ዞር ብዬ አየሁት። ልክ እንደ እውነተኛ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሟል። ጨዋታውን እዚያው መስመር ላይ ቆሜ መቀየር እችላለሁ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ተፈቅዶልኛል። በቀኝ በኩል ተከላካይ ያልያዘው ሌላ ተቀባይ ነበረኝ። አንድ ቃል መጮህ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«ለምን አልጮህክም?»

«ፈራኋ። ዘንድሮ አንድም ጊዜ ቀይሬ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ከኔ በላይ የሚያውቅ ይመስለኛል። የአሰልጣኙን ጨዋታ ቀይሬ ብሸነፍ እኔ ነኝ፤ ሳልቀይር ብሸነፍ ሁላችንም ነን፤ እንደዚያ አሰብኩ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያንን ሁሉ አሰብኩልሽ።» ድምፁ ቀለል አለ። «ስለዚህ ኳሷ የኔ ነች ስል እየሸፈንኩለት አይደለም። የኔ ነች። ከደረሰብኝ ሁሉ ደግሞ ትንሽ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። የኔ ከሆነች ላስተካክላት እችላለሁ።»

ዊላ የእሁዱን ጨዋታ ወረቀት ገለበጠችው።

«ጋሼ ሞ ረቡዕ ጠዋት፣ ከውሳኔው በፊት ለአሰልጣኙ እነግረዋለሁ ብሎኛል» አለ ኔድ። «በራሱ አፍ ከነገረው ጉልበቱን የታመመ ሰው ነው። ነገ ከቴሌቪዥን ከሰሙት የደበቀ ሰው ነው።»

«ሳይነግረው ቢቀርስ? ቦታህን ብትነጠቅስ?»

«ልነጠቅ እችላለሁ። አፍሽ የራስሽ ነው፣ አልከለክልሽም። በይ አሁን አንዱን አንብቢልኝ። ስጨርስ ደግሞ ከመሃላቸው አንዱን አሳምሚልኝ።»

«ምን?»

«የፈለግሽውን ተጫዋች ጉጂው። መቀየር ልለማመድ።»

አነበበችለት። መለሰላት። «የቀኙ ተቀባይ እያነከሰ ነው» አለችው። ኔድ ትንሽ አመነታና አዲሱን ጨዋታ በስልኩ ውስጥ ጮኾ ጠራ። ሌላ አነበበች፤ ሌላ ሰው ጎዳች። በስድስተኛው ላይ ማመንታቱን ተወው። ጩኸቱ እናቷን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አስወጣት።

«ሽመላዎቹን በሙሉ ሆስፒታል አስገባሻቸው እኮ» አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ።

*

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልብስ አብረው አጣጠፉ። ዊላ የማንንም ስም ሳትጠራ ጠየቀች። «እማ፣ አንድ ሰው እውነት የሆነ ነገር ቢናገር ምን ጥፋት አለው?»

እናቷ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘች፤ ዊላ ሌሎቹን ሁለት።

«አባታችሁ የታመመ ጊዜ» አለች፣ «እኔ ገና ለአክስቶቻችሁ እንኳ ሳልነግር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት አቅፋ አጽናናችኝ። ከየት እንደሰማች አላውቅም። ክፉ ሰው አይደለችም። የተናገረችውም እውነት ነበር።» አንሶላውን ወደ ዊላ አምጥታ ጫፎቹን ከእጇ ተቀበለች። «የመናገሩ ተራ ግን የኔ ነበር።»

ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንዳቸውን ፈልገው ጨረሱ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ የሚሉት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኬንድራ የዊላን አንገትጌ አስተካከለችላት። «እንዳሰብሽው ተናገሪ። ፈታ በይ።» ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ በትልቅ ሰው ድምፅ ጀመረች። ስለ አውቶቡስ ሰዓት መለወጥ ተናገረች፤ ሁለት ልደት አነበበች።

«ዛሬ እንግዳ አለን» አለች። «ዊላ፣ እሁድ ዕለት ወንድምሽ ሲወረውር አገሩ ሁሉ አይቷል። አንቺ ደግሞ ጨዋታዎቹን በደንብ ታውቂያቸዋለሽ። ያቺ ኳስ የማን ጥፋት ነበረች?»

በልቧ ያስተካከለችው ዓረፍተ ነገር እዚያው ነበር። አንድም ቃል አልጠፋባትም። ከተናገረችው ትሬይ አፉን ይዘጋል፤ ኬንድራ ቪዲዮዋን ታገኛለች፤ ኔድም ምናልባት እሁድን ያገኛል። በአንድ እግሩ የቆመውን ሰው አሰበች።

«የኔድ ናት» አለች። «እሱም ብሎታል። ትናንት እኔም ጠይቄው ይህንኑ ነው የነገረኝ። ምን እንዳጠፋ በደንብ ያውቃል፤ ሌላ ጊዜ ምን እንደሚያደርግም ያውቃል።»

ኬንድራ ዓይኗን አንዴ ጨፈን አድርጋ ከፈተች። «ነገ ቦታውን ቢወስዱበትስ?»

«ከወሰዱበት ይቀመጣል። እስኪመልሱለት ድረስ ማታ ማታ አስጠናዋለሁ። ትናንት በጣም ጎበዝ ነበር።»

ቀዩ መብራት ጠፋ። ኬንድራ ማይክሮፎኑን ነቅላ ሽቦውን በእጇ ላይ መጠምጠም ጀመረች።

«ምንድነው እሱ?» አለች። «ትናንት ምሳ ላይ የነገርሽኝስ?»

«ምሳ ላይ ያላወቅሁት ነገር ነበር።»

«አሁን ምን አወቅሽ? ካሜራው ጠፍቷል፣ ዊላ። እኔ ነኝ።»

ልትነግራት ፈለገች። ለኬንድራ ያልነገረችው ነገር ኖሮ አያውቅም። «አልችልም» አለች። «የሌላ ሰው ነገር ነው። ቪዲዮሽን ስላበላሸሁብሽ ይቅርታ። ሌላ ዜና አብረን እንፈልጋለን፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያንቺ ነኝ።»

ኬንድራ ሽቦውን ጠምጥማ ጨረሰች። ተቀይማለች። «የምግብ ቤቱ ፒዛ ከምን እንደሚሠራ ልመረምር እያሰብኩ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ብዙ መቅመስ አለበት።»

«እቀምሳለሁ።»

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። በክፍሏ በር መስታወት ትሬይንና ጓደኞቹን አየቻቸው፤ ስክሪኑን እያሳዩ ይሳሳቃሉ። ደወሉ እስኪደወል መጸዳጃ ቤት ብትቆይ፣ ከሰው ጋር ተደባልቃ ወደሚቀጥለው ክፍል መሄድ ትችል ነበር።

በሩን ከፍታ ገባች። ሳቁ ረገብ አለ፤ ትሬይ ግን ሊያላግጥ አፉን ሲከፍት አየችው። ከፊቱ ያለውን ወንበር ስባ ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ጠበቀችው።