አሥራ ሁለቱ ቁልፎች

ሽማግሌው ቁልፍ ሠሪ ሱቁ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ፖሊሶቹ «ወድቆ ነው» ብለው ሊያልፉት ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት የክሪፕቶ ዋሌቱ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳው፣ ውስጥ የነበረው ገንዘብ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የማን እንደሆነ ወደማይታወቅ ዋሌት ተዛውሯል። ዋሌቱን የከፈተችለት ነርስ ልጁ ስለነበረች ተጠርጥራ ጣቢያ ገባች። ታላቅ ወንድሟም «ከእሷ ሌላ ማን ያውቃል?» ብሎ ጣቱን ቀሰረባት።

ጉዳዩ የተሰጣትን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አያልፋትም ለማለት ነው።

«ቃላቱን ታውቂያቸዋለሽ?» ስትል ነርሷን ጠየቀቻት።

«አላውቃቸውም። አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት ናቸው፤ በቅደም ተከተል ያወቃቸው ሰው ገንዘቡን ይወስዳል። አባዬ ሲቀዳቸው ፊቴን አዙሬ ነበር። ወረቀት ላይ እንዳትተዋቸው ስለው አሥራ ሁለት አሮጌ ቁልፎች ላይ አንድ አንድ ቃል ቀረጸ። የትኛው እንደሚቀድም ለእኔም አልነገረኝም።»

«ሱቁ ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔን ‹ሂጂ፣ ትምህርትሽን አጥኚ› ብሎ ከደጅ ነበር የሚመልሰኝ። እዚያ ያደገው ጋሼ ነው።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ጎረቤቱ ስልክ ጠጋኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብሎን፣ ባትሪና የተሰበረ መስታወት ተዘበራርቋል።

«ዕቃዎን እንዴት ነው የሚያገኙት?»

«እሱ ነው የሚያገኘኝ፣ እመቤቴ።» ቀልዱ ወዲያው ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ሽማግሌውን ባለፈው ሳምንት አጭበርባሪዎች ‹ከዋሌት ድርጅቱ ነን፣ ቃላቱን ይንገሩን› ብለው ቢደውሉለት ስድብ አጠጥቷቸዋል። ‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

የሟቹ ወንድ ልጅ፣ ታክሲ ነጂው፣ ደግሞ መልሱ አጭር ነበር። «ስለ ዋሌት የማውቀው ነገር የለም። ሱቁን ከረገጥኩ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ወንፊት ወደ ሱቁ ተመልሳ አሥራ ሁለቱ ቁልፎች የተሰቀሉበት ሰሌዳ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። የሰሌዳውን ቀለም ፀሐይ አደብዝዞታል፤ ቁልፎቹ ለዓመታት በሸፈኑት ቦታ ብቻ ቅርጻቸው ጠቁሮ ቀርቷል። አንዱም ቁልፍ በቅርጹ ላይ አልገጠመም።

በማግስቱ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከመጀመራችን በፊት አግዙኝ። ፎቶ ስናነሳ ሌሎች ቁልፎች ተበተኑብን» ብላ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ እፍኝ ሰጠቻቸው።

ነርሷ እጇ እንዳገኘ ሰቀለች። ስልክ ጠጋኙ ሦስቱን አንድ ምስማር ላይ አነባበረ። ታክሲ ነጂው ስለ ቀብሩ እያወራ፣ ቁልፎቹን በቅጡ ሳያይ ሰቀላቸው፤ ከአጭር ወደ ረጅም።

«እንዲህ መስቀል ማን አስተማረህ?»

እጁ ምስማሩ ላይ ቀረ። «አባቴ… ካላስተካከልኩ በጥፊ ይለኝ ነበር።»

«እንግዲህ ስማ። አሥራ ሁለቱ ቁልፎች ወርደው እንደገና ተሰቅለዋል። ሰሌዳው ላይ የቀረው ቅርጽ አባትህ ሆን ብሎ እንዳደበላለቃቸው ይናገራል፤ ረጅሙ ከአጭሩ ጎን ነበር። ሌባው ግን ሲመልሳቸው ከአጭር ወደ ረጅም ደረደራቸው። እህትህ ይህን ሥራ አታውቅም። ጎረቤታችሁ የራሱን ብሎን እንኳ አያገኝም። የቃላቱም ቅደም ተከተል ያው ከአጭር ወደ ረጅም ነበር፤ አባትህ ለመደበቅ ሲል ቢያደበላልቃቸውም ዕድሜ ልኩን ሌላ አደራደር አያውቅም። ሁለት ዓመት አልረገጥኩም ያልከውን ሱቅ ትናንት ረግጠሃል። አመል ያወጣል ከመሀል።»

ታክሲ ነጂው የአባቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልመጣሁም። ‹ቃላቱን ስጠኝ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ› አልኩት። ‹ቃላቱን የጠየቀኝ ልጄም ቢሆን ሌባ ነው› አለኝ። አናደደኝ፣ ገፋሁት። ጭንቅላቱን የመሰላሉ ብረት መታው። ከዚያ ቁልፎቹ ላይ የተቀረጹትን ቃላት አየሁ… እጄ ራሱ ደረደራቸው።»

ስልክ ጠጋኙ ነርሷን «አይዞሽ እቱ፣ ነፃ ወጣሽ» አላት።

እሷ ግን ወንድሟን እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ አባዬን እንዲያ እንዲመልስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። «‹እኔም ብጠይቅህ እንዳትነግረኝ› ብዬው ነበር። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኩት።»