የሙሴ ግንብ ለቅሶ

በ፳፻፲፯ ዓ.ም. የካቲት ፲፪ ቀን፣ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ማዶ ጉብታው ላይ የቆመው የሙሴ ግንብ በሩን ለጎብኚ ከከፈተ ገና ወሩ ነበር። ያሠራው አርማን የተባለ፣ ሰው በአገሩ ወግ "ሙሴ" እያለ የሚጠራው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ የአገሩን መሳፍንት ቤት አስመስሎ፣ ክብ ማማ አድርጎለት፣ በጥቁር ድንጋይ አስገነባው፤ ጠላት አገር ሲወር ቁልፉን ለቤት ሠራተኛይቱ ለሌሊሴ ትቶ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ መጋዘንም የወታደር ሰፈርም ሆኖ ኖረ። ወደ ማታ ነፋስ ሲነሣ ከማማው ላይ የሴት ለቅሶ ይሰማል እየተባለ፣ የሰፈሩ ሰው በዚያ ሲያልፍ ያማትባል።

አስጎብኚው እዮኤል ይህን ለቅሶ ለሙሴ ሚስት ሰጥቷት ነበር፤ "ማዳም ናት፤ ባሏን ፍለጋ ትዞራለች" ሲል ጎብኚው ደስ ይለዋል። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳም "የማዳም ለቅሶ የሚሰማበት ማማ" ይላል። ሙሴ አርማን ዕድሜ ልኩን ሚስት አላገባም እንጂ ነገሩስ ያምር ነበር።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ እማማ ቦንቱ ጥቁር ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል።

"እማማ፣ ደረጃው ጠባብ ነው፤ ይከብድዎታል" አላቸው እዮኤል። "እዚሁ ይቀመጡና ላስረዳዎት።"

"የምታስረዳኝ የለም፣ ልጄ። እናቴ እዚያ ላይ ነው የሞተችው። እርሜን ላወጣ ነው የመጣሁት።"

እዮኤል ደነገጠ። እርም ማውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በጊዜው ላልተለቀሰለት ሟች ዘመዱ ተቀምጦ እስኪያለቅስለት ድረስ ሐዘኑ አይወጣም።

"እስከ ዛሬ ድረስ?" አለ።

"መቼ ተከፈተልኝ? በመጣሁ ቁጥር ዘበኛ ይመልሰኛል።" ደረጃው ሥር አረፍ ብለው ነገሩት።

በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. በዚህች ዕለት የተጀመረው ፍጅት ወደ ቀራንዮ ሲዘልቅ፣ ሌሊሴ የግንቡን በር ከፍታ ጎረቤቶችዋን ምድር ቤት ሸሸገች፤ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ወታደሮች ግቢውን ሞልተው ወደ ምድር ቤቱ መውረጃ ሲጠጉ፣ ማማው ላይ ወጥታ በመስኮቱ ጮኸችባቸው፤ ሁሉም ወደ እርስዋ ሮጡ። ሕፃንዋ ቦንቱ ከታች ሆና የእናትዋን ድምፅ ሰማች። አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትል ከተሸሸጉት ጎረቤቶች አንዷ፣ የባላምባራስ ደግፌ ባለቤት ወይዘሮ የኔነሽ እጃቸውን አፏ ላይ ጫኑባት።

"ዝም በዪ፣ የኔ ልጅ። ካለቀስሽ ሁላችንም እናልቃለን።"

ቦንቱ ዝም አለች። የሌሊሴ ሬሳ ከሌሎች ሬሳዎች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ የት እንደ ተጣለ ያወቀ የለም።

"ከዚያ ወዲህ ለቅሶ እምቢ አለኝ" አሉ እማማ ቦንቱ። "ባሌን ስቀብር እንኳ እንባ ጠብ አላለኝም። ያ እጅ እስካሁን አፌ ላይ ያለ ይመስለኛል።"

እዮኤል ደግፎ አወጣቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ብዙ ቆዩ፤ ምንም አልመጣላቸውም። በመጨረሻ አፋቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ በልጅነታቸው እናታቸውን ይጠሩበት በነበረው ስም "አዮ!" አሉ፤ ደግመው "አዮ!" ሲሉ ግንቡ በሙሉ አስተጋባ።

ከታች የሰማዕታቱን መታሰቢያ በዓል ምክንያት አድርጎ የመጣው ጎብኚ ስልኩን ወደ ማማው አነሣ። "ማዳም ናት!" አለ አንዱ፣ በደስታ።

እዮኤል ወርዶ መካከላቸው ቆመ። ዝም ቢል ወሬው እስከ ማታ አገሩን ያዳርስለት ነበር።

"ማዳም አይደለችም" አለ። "ለቅሶ ነው። ከላይ ያሉት እናት እናታቸውን ነው የሚያለቅሱት። ሌሊሴ ትባላለች።"

ስልኮቹ ወረዱ። የአገሬ ሰው ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ደረጃው ላይ እንደየአመጣጣቸው ተቀምጠው፣ የማያውቋትን ሌሊሴን አለቀሱላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነፋስ ቢነሣም ማማው ዝም ብሏል፤ ለቅሶውን ሊሰማ የሚመጣው ጎብኚም ቀንሷል፤ የግንቡ ኃላፊ በዚህ ተቆጥቶ እዮኤልን ሰሌዳው ላይ ካለው በቀር አንድ ቃል እንዳይጨምር አስጠንቅቆታል። የሙሴ አርማን ስም በሩ ላይ በነሐስ ተቀርጿል፤ ያላገባት ሚስቱም ሰሌዳ አላት። የሌሊሴ ስም የትም አልተጻፈም፤ እዮኤል ለጎብኚ የሚነግረው ኃላፊው በሌለበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።