የጅቡቲው አድራሻ

ሎዛ ደጀንን ያወቀችው በተናደደችበት ቀን ነው። አዋሽ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ የፎቶኮፒ ቤቷ ውስጥ የስድስት ነጋዴዎችን የኢንተርኔት መሸጫ ገጽ ታስተዳድር ነበር። የአንዱ ገጽ በታገደ ቁጥር የሌሎቹም ተከትለው ይታገዱባታል። ደጀን ከሰመራ ለመሥሪያ ቤት ሥራ መጥቶ አንድ ወረቀት ሊያሳትም ነበር የገባው። የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ሰው ሲቸገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፣ በተለይ የተቸገረችው ቆንጆ ከሆነች።

«ስድስቱንም ከአንድ ቦታ ስለምትከፍቻቸው እኮ ነው» አላት። «ለገበያው ባለቤቶች አንድ አጭበርባሪ ስድስት ስም ያወጣ ነው የሚመስላቸው።»

«ታዲያ ስድስት ኮምፒውተር ከየት ላምጣ?»

«አንዱ ይበቃሻል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብሮውዘሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ፕሮፋይል፣ ከሌላው የማይቀላቀል ክፍል፣ ከፈተ፤ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል ደግሞ የራሱን ፕሮክሲ ሰጠው፤ መሃል ቆሞ መልእክቷን በራሱ አድራሻ የሚያደርስ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። የጭፍራው ነጋዴ በአንድ መንገድ ይወጣል፣ የዲቾቶው በሌላ። የፕሮክሲው አድራሻና ቁጥር የት እንደሚገባ እየጠቆመ ሲያሳያት እሷ ጣቶቹን ታይ ነበር። ማየቷን አወቀና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ከዚያ ወዲህ ደጀን በየአሥራ አምስት ቀኑ አዋሽ ሥራ ይገጥመው ጀመር። ያን ሁሉ ሥራ ማን እንደሚፈጥርለት እግዜር ይወቅ።

በሦስተኛው ወር ሰባተኛ ፕሮፋይል ከፈተ፤ የሁለቱን። የሎዛ ስልክ ከእናቷ ከእማማ አስረሳሽ እጅ አይጠፋምና፣ በአንድ የጋራ ኢሜይል ውስጥ ደብዳቤ ጽፈው ሳይልኩት ይተዉታል፤ ሌላው ገብቶ ያነበዋል።

«ለዚህኛው ፕሮክሲ አታደርግለትም?» አለችው።

«አላደርግም። በዚህ ስትገቢ አዋሽ ነሽ፣ እኔ ስገባ ሰመራ ነኝ። እዚህ ውስጥ አንዋሽም።»

ሎዛ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት፤ ፎቶኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እስኪያስል ድረስ ተያዩ።

አንድ ቀን ጅቡቲ የሚሠራ ጓደኛው «ና እንጂ» እያለ እንደሚወተውተው አጫወታት። አልሄድም አለ። ነገሩ ግን ከሎዛ ሆድ አልወጣም።

ግንቦት ላይ ደብዳቤው ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የደጀን ስልክ ጥሪ አይቀበልም። «የት ነህ?» ብላ ጻፈች። «ደህና ነህ?» ብላ ጻፈች። እማማ አስረሳሽ በበኩላቸው ባንተይርጋ የሚባል የጭነት ድርጅት ጸሐፊ ሎዛን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲባል ሰምተው ፊታቸው በርቷል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፣ ልጄ» አሏት። «ባልም እንደዚያው ነው።»

በዚያው ሳምንት ቻላቸው የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ጅቡቲ ላይ ዕቃ የሚሸጥበት ገጽ እንድትከፍትለት መጣ። መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ አቁሞ «ቶሎ በይ፣ እህቴ» ሲላት እየተጣደፈች ከፈተችለት፣ የጅቡቲ ፕሮክሲም አስገባችለት።

ከሁለት ቀን በኋላ የጋራ ኢሜይላቸው መቼና ከየት እንደተገባበት የሚያሳየውን መዝገብ አየች። «ጅቡቲ፣ ትናንት። ጅቡቲ፣ ከትናንት ወዲያ» ይላል።

«ሄዷል» አለች ለራሷ። መሄዱ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ገብቶ «ደህና ነህ?» ማለቷን አንብቦ ዝም ማለቱ ነው ያቆሰላት። የይለፍ ቃሉን ቀየረች። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሲመጡ እሺ አለች።

ደብዳቤው በቆመ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደጀን ደወለ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ። ሎዛ ከልጅነቷ ጀምሮ ኩራት እራቷ ነው፤ አላነሳችም።

ቀለበት ካሰረች በአሥረኛው ቀን የቻላቸው ፕሮክሲ የተከፈለበት ጊዜ አለቀ። የቻላቸው ገጽ አልከፈት አለ። ስድስቱ የድሮ ፕሮፋይሎች ግን ይሠራሉ። አንጀቷ አልቆረጠ ብሎ የድሮ ደብዳቤ ልታነብ ሰባተኛውን ስትነካ እሱም አልከፈት አለ። «ፕሮክሲው አይመልስም» ይላል፤ ፕሮክሲ የሌለው ፕሮፋይል!

ያን ጊዜ ገባት። በዚያ ጥድፊያ የጅቡቲውን አድራሻ ያስገባችው በቻላቸው ፕሮፋይል ውስጥ ሳይሆን በኮምፒውተሩ በራሱ ላይ ነበር። የራሳቸው ፕሮክሲ ያላቸው ስድስቱ በየመንገዳቸው ሲወጡ፣ የራሱ የሌለው የሁለቱ ፕሮፋይል በጅቡቲ ወጣ። በነዚያ ቀናት መዝገቡ ላይ አንድም «አዋሽ» የሚል አልነበረም። ከጅቡቲ የገባችው፣ ደብዳቤዎቹን ደጋግማ ያነበበችው፣ ሎዛ ራሷ ነበረች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሰመራ ወረደች። ደጀንን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አገኘችው። ከስቷል፣ ጠቁሯል። በድንገት አዳይቱ በረሃ ተልኮ ሦስት ሳምንት ኔትወርክ በሌለበት መስመር ሲዘረጋ ነበር። ከግንቡ ጥላ ሥር ቆመው ሁሉንም ነገረችው። ቀለበት ያለበትን እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ እሱ ግን አይቶታል።

«እንዲህ ዓይነት ስህተት እኔም እሠራለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ አይደለም ያመመኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስደውል ብታነሺና ብትሰድቢኝ እንኳ፣ አዳይቱ ነበርኩ እልሽ ነበር። ኮምፒውተሩን ጠየቅሽ፤ እኔን አልጠየቅሽኝም።»

«ቀለበቱን እመልሳለሁ፣ ደጀን።»

«ለራስሽ ስትይ መልሺው። ለእኔ ብለሽ አይሁን።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ኢሜይሉን እንደዘጋሽብኝ ሳውቅ ለጓደኛዬ እሺ አልኩት። ሰኞ ጅቡቲ እሄዳለሁ።»

ሎዛ አትሂድ ልትል ፈለገች። በየትኛው አፏ ትበል?

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ፀሐይ በማይመታበት በኩል መቀመጫ ፈልጎ አስቀመጣት። ከአውቶብሱ ሲወርድ «ስትደርሺ ደውዪ» አላት ከልማዱ። በመንገድ ላይ ቀለበቱን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለባንተይርጋ ሌላ ሰው የምታስብ ሚስት አትገባውም።

አዋሽ ስትደርስ እየመሸ ነበር። ደወለች። ወዲያው አነሳ።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«እሺ።»

ሁለቱም አልዘጉም። ከወዲያ የሰመራ ነፋስ ይሰማታል፤ እሱም ምናልባት ከወዲህ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ይሰማ ይሆናል። እንዲሁ ዝም እንዳሉ ካርዷ አለቀ።