በሰባተኛው በር የሞተው መሐንዲስ

ሬሳው ከሰባተኛው በር ብረት ጋር ተጣብቆ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ የተቀጠረው የአውቶቡስ መናኸሪያውን መጨናነቅ እንዲያቃልል ነው። ታጥፎ ወደ በሩ በሚወስደው ጠባብ የብረት መተላለፊያ ውስጥ ወርድ ሲለካ ሁለት መቶ ሰው መጣበት። በሩ ተቆልፎ ነበርና ደረቱ ተጨፈለቀ።

መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭንና ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። «ሕዝብ ገደለው» ሲሏት አላመነችም።

መጀመሪያ ያገኘችው የገቡ ባሶችን ቁጥር በድምፅ ማጉያ የምትጠራውን ተናጋሪ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ይሰሩኝ። ስድስትን ሰባት ብዬ አነበብኩ። ‹ሰባት ገብቷል› ስል ባስ አልነበረም።»

«ልጅ አለሽ?»

«የስምንት ወር። እስር ቤት ይዤው ልግባ?»

በመተላለፊያው ጎን የሚነግደው ባለ ኪዮስክ ግን ደስታውን እንኳ አልደበቀም። መተላለፊያው ሲሰፋ የሚፈርሰው የእሱ ኪዮስክ ነው።

«አላለቅስለትም» አለ። «ግን ከባንኮኒዬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ደንበኞቼን ይጠይቁ።»

ጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ተራ ያስከበሩት ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የበሩን ቁልፍ ለማን ሰጡ?»

«ለማንም! ከወገቤ ተፈቶ አያውቅም» አሉ በኩራት። «ጥፋቱ የዚያች የማይክ ልጅ ነው። ሕዝቡ ሰምቶ ነጎደ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ማጉያዎቹን ቆጠረች። የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሽማግሌው ራስ በላይ።

በማግስቱ ሰልፉ በተንዛዛበት በዚያው ሰዓት፣ መተላለፊያውን በፖሊስ አዘግታ ሽማግሌውንና ባለ ኪዮስኩን ከበሩ አጠገብ አቆመች። ተናጋሪዋ ከክፍሏ «ሰባት ገብቷል!» አለች። ሞተርና ጡሩምባ ድምፁን ዋጡት፤ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ወርዳ ስትቀላቀላቸው መርማሪዋ በርጩማውን ብድግ አደረገችው። ሰልፉ በሙሉ ዕቃውን አንስቶ ገሰገሰ፤ ፖሊሶቹ በመከራ መለሱት።

«አያችሁ? እዚህ ማይክ የሚሰማ የለም፤ መታጠፊያው በሩን ይጋርዳል፤ ሰው የሚያየው ብድግ ሲል በርጩማውን ነው። አባባ ሁልጊዜ በሩን ይከፍታሉ፣ ከዚያ በርጩማውን ያነሳሉ። ትናንት ግን በሩ እንደተቆለፈ በርጩማው ተነሳ። ሟቹ በሰልፉ በኩል ሲገባ ያየው የለም፤ ስለዚህ በበሩ ነው የገባው። ቁልፉ ከወገብዎ ካልተፈታ፣ ከፍተው ያስገቡትም የቆለፉበትም እርስዎ ነዎት። የልጅቷን ስህተት ከማጉያው ሥር ሆነው ሲሰሙ ሰበብ አገኙና በርጩማውን አነሱ።»

ተናጋሪዋ እፎይ ብላ አለቀሰች።

«ምን በደለዎት?» አለች መርማሪዋ ሽማግሌውን።

«በየበሩ የገባውን ባስ ቁጥር በመብራት የሚያሳይ ሰሌዳ ሊሰቅል ነበር። ‹ሰው አያስፈልግም፣ ቤትህ ግባ› አለኝ። አንተ ብሎ! በዚህ ሽበት!» ሽማግሌው እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ። «ግን የኔ ልጅ፣ እኔ ጣቴን አላሳረፍኩበትም። የረገጡት እነሱ ናቸው።»

«ሰው እንዳለ አላወቁም።»

«ጮኋል እኮ! ‹ሰው አለ፣ ሰው አለ› ሲል እኔ ከበሩ ማዶ ሰምቼዋለሁ። እላዩ ላይ የቆሙት አልሰሙም?»

መርማሪዋ ወደ ሰልፉ ዞረች። ትናንትም ከፊት የነበረችው ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሰምቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መቀመጫ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»