ግራጫው ካፖርት

በኤልሙራ ምድር እሳት ሙቀቱን ያጣው አዝመራው ተሰብስቦ ባለቀበት ሰሞን ነበር። ነበልባሉ እንደ ወትሮው ቀይ ነው፤ እንጨቱም ይጤሳል፣ ይንጣጣል፣ አመድ ይሆናል። እጁን የዘረጋበት ሰው ግን ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይዳስሳል። አንጥረኞች ብረታቸውን ከምድጃው ሲያወጡት እንዳስገቡት ጥቁር ሆኖ አገኙት። በየቤቱ ሽማግሌዎች እሳት ዙሪያ ተቀምጠው በብርድ መሞት ጀመሩ።

ምክንያቱ ሳይውል ሳያድር ታወቀ። በቤተ መንግሥቱ ማማ ላይ፣ በነሐስ ሰሃን ተቀምጦ ለዘመናት ሲያበራ የኖረው የፍም ዕንቁ ተሰርቆ ነበር። የነጠቀችው ቆርዛ ናት፤ ክንፏ የአዳራሽ ጣሪያ የሚያክል፣ እስትንፋሷ ወንዝ የሚያረጋ ነጭ ወፍ። ዕንቁውን ወደ ጋዝሞር ተራራ ጫፍ ወስዳ በበረዶ ጎጆዋ ውስጥ ቀበረችው። የመንግሥቱ ጠቢባንም ለንግሥት አስኔራ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ «ዕንቁው በበረዶ እንደታሰረ እስካለ ድረስ በኤልሙራ ማንም እሳት አይሞቅም። ከበረዶው በወጣበት ቅጽበት ግን የተለኮሰ እሳት ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ ሙቀቱ ይመለስለታል።»

ወደ ጋዝሞር ለመውጣት ፈቅደው በንግሥቲቱ ፊት የቆሙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሳሬም ናት፤ ከአባቷ ጋር በገደል ላይ ተንጠልጥላ ማር ስትቆርጥ ያደገች ወጣት። ሁለተኛው ቤርዛን ነው። ሳሬምን የወለደች እናት በወሊድ ስትሞት የቤርዛን እናት ወስዳ አጥብታታለች፤ ሁለቱም አንድ ጡት ጠብተው፣ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተው አደጉ። ሦስተኛው ኖሃር፣ በተራራው ሥር ባለች መንደር የሚኖርና ጨው የጫኑ በቅሎዎችን በበረዶማው የተራራ በር እያሻገረ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው።

ሦስቱም እጃቸውን በባዶው የነሐስ ሰሃን ላይ ጭነው ማሉ። «ዕንቁውን ከበረዶ ሳናወጣ አንመለስም። አንዳችን ሌላችንን በተራራው ላይ ጥለን አንሄድም። ይህን ቃል ያፈረሰ ስሙ ከእናቱ ቤት ይጥፋ።»

ንግሥቲቱም «ከልብስ ቤቴ የምትሹትን ምረጡ። የምነፍጋችሁ ምንም የለም» አሉ።

ኖሃር ሚስቱ ዚላት የሰፋችለትን፣ ውስጡ የበግ ጠጉር የሆነውን አሮጌ የቆዳ ካፖርቱን አልለውጥም አለ። ቤርዛንም የራሱ ነበረው። ሳሬም ግን የማር ቆራጭ ስስ ልብስ ብቻ ስለነበራት ወደ ልብስ ቤቱ ገባች።

የልብስ ቤቱ ሹም መጀመሪያ ያቀረበላት በወርቅ ክር የተጠለፈ የአንበሳ ለምድ ነበር። ለብሳው ድንጋይ እንደሚጨብጥ ሰው ሁለት እጇን ሽቅብ ዘረጋች። ለምዱ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዛት፣ ከታችም ወገቧን አራቆተው። «ለዙፋን ያምራል፤ ገደል ላይ ግን እጄን ያስርብኛል» አለች። ቀጥሎ ወፍራም የሱፍ ብርኖስ መጣ። ከማሰሮ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ብርኖሱ ውሃውን ጠጥቶ ዝም አለ። ስታነሳው ክንዷ ዛለ።

በመጨረሻ ከጥግ የተሰቀለ፣ ጌጥ የሌለው ግራጫ ካፖርት አየች። ላዩ ዜሎ ከሚባለው የሐይቅ አውሬ ስስ ቆዳ የተሠራ ነው። ውሃ ስታፈስበት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ከውስጥ በኩል አፏን ገጥማ ስትተነፍስበት ግን እንፋሎቱ በላዩ ወጣ። ውስጡ የበረዶ ዝይ ለስላሳ ላባ ተሞልቶበታል። ቆቡ አገጭ ድረስ ይሸፍናል፤ የእጅጌው ጫፍም በማሰሪያ ይጠብቃል።

«ይህ እኮ የመልእክተኛ ልብስ ነው፤ ከእናንተ ክብር ጋር አይሄድም» አለ ሹሙ ቅር ብሎት።

«ጋዝሞር ላይ የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም» አለች ሳሬም። «ስንወጣ ያልበናል። ላቡ መውጫ ካጣ፣ ቆም ስንል ከሥጋችን ጋር ይረጋል። ነፋስና ውሃ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ፣ የማይከብድ ልብስ ነው የምፈልገው። እሱም ይኸው።»

አብሯት የገባው ቤርዛን ፈገግ አለ። ካፖርቱን ተቀብሎ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። «ጥሩ መርጠሻል፣ እህቴ። ክሩ ግን ላልቷል። ቤት ወስጄ ላጥብቅልሽና ሰም ልቀባልሽ። በሌላ ሰው እጅ የተሰፋ ለብሰሽ እንድትወጪ ልቤ አይፈቅድም።»

ሳሬም ሳታመነታ ሰጠችው። በማግስቱ ሲመልስላት ጥቂት የከበደ መሰላት፤ ሰሙ ነው አላት።

ጉዞው ተጀመረ። ቅጠላቸው እንደ ብርጭቆ የሚንቃጨል ዛፎች የሞሉበትን ጫካ አለፉ። ጭጋግ ብቻ የሚግጡ ነጫጭ ፍየሎች ከገደል ገደል ሲዘሉ እያዩ፣ በአንድ ገመድ ተያይዘው ወጡ። ከላያቸው የጋዝሞር ጫፍ ሰማዩን ወግቶ ቆሟል፤ ፀሐይ ስትነካው ሰማያዊ እሳት ይመስላል። ሳሬም ከፊት እየመራች፣ ድንጋዩን በመዳፏ እያዳመጠች መንገድ ታወጣ ነበር። ቤርዛን ከኋላዋ ሆኖ ልጅ ሳሉ ይዘፍኑት የነበረውን የማር ቆራጮች ዘፈን ያንጎራጉር ነበር።

ከተራራው አጋማሽ በላይ ሲደርሱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደባቸው። ያን ጊዜ የሳሬም ካፖርት ይከብዳት ጀመር። መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ክንዷን ጎተታት። ውሃው በስፌቱ ሰርጎ እየገባ እስከ ጀርባዋ ደረሰ። ነፋሱ ሲበረታ እጅጌው እንደ ቅርፊት ደርቆ አልታጠፍ አላት። ጥፋቱ የራሷ መሰላት፤ በሹሙና በቤርዛን ፊት ስለ ልብስ ያን ሁሉ ተናግራ የማይረባ በመምረጧ አፈረች፣ ስለዚህም ዝም ብላ ወጣች። እግሯ ደጋግሞ ሲሸሻት ግን ቤርዛን ጠጋ ብሎ ክንዷን ያዛት።

«ምርጫሽ የተሳሳተ ይመስለኛል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ማንም ይሳሳታል። ተመለሺ፣ እህቴ። ማንም አይፈርድብሽም።»

«ምያለሁ» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ከገደሉ ሥር ዋሻ አግኝተው ገቡ። እዚያ የሳሬም መንቀጥቀጥ በድንገት ቆመ፤ ዓይኗም እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። በበረዶ ውስጥ ብዙ ሰው ሲሞት ያየው ኖሃር ደነገጠ። ቤርዛን ግን ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ፈታ።

«እናንተ ውረዱ። እኔ ብቻዬን ወጥቼ መሐላውን ለሦስታችንም እፈጽመዋለሁ» አለ።

«መሐላው ጥለን አንሄድም የሚል ነበር» አለ ኖሃር።

ቤርዛን በረዶው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ኖሃር የሳሬምን ካፖርት አወለቀና ሲጨምቀው ውሃው ወረደ። ውስጡን ሲዳብሰው ግን እጁ ቆመ። ላባ እንዲህ ጓል አይሠራም። በቢላዋው ስፌቱን ተረተረው፤ ከውስጡ የራሰ ጥጥ ዱብ አለ። ከየጎኑ፣ ከጀርባው፣ ከእጅጌው ሁሉ ጥጥ ብቻ ወጣ። አንዲት የዝይ ላባ አልነበረችበትም። ስፌቱም ሰም አልነካውም።

ሳሬም ክሩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። እየተጠላለፈ የሚሄድ፣ በየጣት ስፋቱ አንድ ጊዜ የሚቋጠር ስፌት ነው። የቤርዛን እናት ሁለቱንም በጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ያስተማረቻቸው አሰፋፍ ነው። ሌላ ሰው አያውቀውም።

«እሱ ነው» አለች። ድምጿ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። «ጋሼ ኖሃር፣ እሱ ነው የሰፋው።»

ኖሃር የራሱን ካፖርት አውልቆ አለበሳት፣ እጇንም በብብቱ ይዞ ደሟ እስኪመለስ ድረስ አሻት። ከዚያ ተሸክሞት የመጣውን እንጨት ከምሮ ለኮሰ። ነበልባሉ ዋሻውን አበራው እንጂ አላሞቀውም።

«ካፖርትህን መልሰህ ልበስ» አለች ሳሬም ጉልበቷ ሲመለስ። «አንተስ ምን ልትሆን ነው?»

«በዚህ ገደል ላይ መውጣት የምትችዪው አንቺ ነሽ። እኔ በቅሎ ነጂ ነኝ፤ ከዚህ በላይ እጄ አያወጣኝም» አለ። «ዕንቁውን ከበረዶው ስታወጪው ይህ እሳት ይሞቃል። እኔ እንዳይጠፋ እጠብቀዋለሁ። አንቺ አሙቂልኝ፣ ልጄ። በቃ ሂጂ።»

ሳሬም እግሩን ስማ ወጣች።

የቀረውን ገደል እንዴት እንደወጣችው እሷም በኋላ መናገር አልቻለችም። የዚላት ካፖርት ነፋሱን መለሰላት፤ በልቧ ያለው ግን ከነፋሱ ይከፋ ነበር። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆርዛ በጎጆዋ አልነበረችም። ቤርዛን ተንበርክኮ፣ ዕንቁውን ከነበረዶው ፈልፍሎ ካወጣ በኋላ በቆዳ ከረጢት እያሰረው ነበር። በበረዶው ውስጥ ቀዩ ብርሃን እንደታፈነ ልብ ይመታል።

«በረዶውን ስበረው» አለች ሳሬም።

ቤርዛን ዘወር ብሎ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። «እንድትመለሺ ነበር የፈለግሁት። እንድትሞቺ አይደለም። በእናታችን ጡት እምላለሁ።»

«ስበረው፣ ቤርዛን። ኖሃር ያለ ካፖርት እሳት አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

«አልችልም። የንግሥቲቱ ወንድም ልዑል ካርሙድ በረዶው ሳይቀልጥ አምጣልኝ ብሎኛል። ዕንቁው በእጁ እስካለ ድረስ የኤልሙራ ሕዝብ ሙቀትን ከእሱ ይለምናል፤ ዘውዱም የእሱ ይሆናል። ለአባቴ የተወሰደበትን ሹመትና ርስት ሊመልስለት ቃል ገብቷል። አባቴ በሰው ደጅ ሲለምን አይተሽዋል። አይተሽዋል አይደለም?»

«አይቻለሁ። አብሬህ አልቅሻለሁ።» ሳሬም አንድ እርምጃ ቀረበች። «ብትነግረኝ ኖሮ ለአባትህ ንግሥቲቱ እግር ላይ እወድቅለት ነበር። አንተ ግን ልብሴን ወስደህ ሞቴን ሰፋህበት።»

ቤርዛን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሰማዩ ጨለመ። ቆርዛ ወርዳ በጥፍሯ ጀርባውን ጨመደደችው። ካፖርቱ ሲቀደድ ነጭ የዝይ ላባ በነፋሱ ተበተነ። ከሳሬም ካፖርት ያወጣውን ላባ በራሱ ካፖርት ውስጥ ሞልቶ ለብሶት ኖሯል። ወፏ ወደ ገደሉ አፋፍ እየጎተተችው ሳለ ከረጢቱ ከእጁ አመለጠ። ሳሬም ዘላ ያዘችውና በረዶ መፍለጫዋን ሰነዘረች። በረዶው ለሁለት ተከፈለ፤ ዕንቁው ወደ ገደሉ ሊንከባለል ሲል በባዶ እጇ ጨበጠችው።

የእሳት ነፋስ ከተራራው ጫፍ ፈነዳ። ቆርዛ ላባዋ እየቀለጠ፣ እየጮኸች ቤርዛንን ጥላው ወደ ሰሜን ሸሸች። በኤልሙራ ሸለቆዎች ሁሉ በየምድጃው የነበረው ነበልባል ሙቀቱን አገኘ። የሳሬም ቀኝ መዳፍ ግን እስከ አጥንቱ ተቃጠለ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ጣቶቿ ገመድ አልጨበጡም።

በግራ እጇና በክንዷ ገመዱን ቤርዛን ላይ አሰረች። «ጥለን አንሄድም ብለናል። እኔ ቃሌን አላፈርስም» አለችው። ከዚያ አብረው ወረዱ።

ዋሻው ውስጥ እሳቱ ይነድ ነበር። ሙቀቱ ከበሩ ተቀበላቸው፤ በረዶውም ከግድግዳው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ኖሃር ሁለት እጁን ወደ ነበልባሉ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳሬም ስሙን ጠራችው፤ ጉንጩን ዳሰሰችው። ፊቱን እሳቱ አሙቆታል፤ ከቆዳው በታች ግን ሥጋው እንደ ድንጋይ ነበር። ሙቀቱ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ቤርዛን በበሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤልሙራ ሁሉ ያውቀዋል። ዕንቁው ወደ ነሐስ ሰሃኑ ተመለሰ፤ ልዑል ካርሙድ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ጨው በረሃ ተጋዘ፤ የቤርዛንም ስም ከእናቱ ቤት ተፋቀ። ሳሬም ግን ከቤተ መንግሥቱ በፊት የምትደርስበት ደጅ ነበራት።

ዚላት ከቤቷ እየሳቀች ወጣች። እጇ ሊጥ ነክቶታል፤ ቤቷ ውስጥ እሳቱ ይንቦገቦጋል። «ሞቀ እኮ» አለች ገና ከሩቅ። «እሳቱ ሲሞቅ ለጎረቤት ሁሉ ኖሃሬ ደረሰ አልኳቸው። የታል እሱ?» ከዚያ በሳሬም ላይ ያለውን ካፖርት አየችው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ሳሬም ቤርዛንን ወደ ፊት ገፋችው። «ንገራት። አንድም ሳታስቀር።»

ነገራት። ስለ ላባው፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ልዑሉ ቃል፣ ዋሻው ውስጥ ስለፈታው ገመድ። ዚላት ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲጨርስ የመንደሩ ሰዎች ከበውት ነበር። እሷ ግን ወደ ሳሬም ዞራ «እሳቱ ጠፍቶበት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አልጠፋበትም። እስከ መጨረሻው ሲጠብቀው ነበር።»

ሳሬም ካፖርቱን ልታወልቅ ስትል ዚላት እጇን ያዘቻት። «ተይው። አንቺን ነው ያለበሰሽ። ግቢ፣ እጅሽን ልይልሽ።» ለቤርዛን ደግሞ «አንተ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው።

ሳሬም ገብታ ከምድጃው ጎን ተቀመጠች። እሳቱ ያሞቃል። ከውጪ የመንደሩ ሰዎች ቤርዛንን ወደ ከተማ ሊወስዱት ሲያስሩት፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ «እህቴ» ብሎ ሲጣራ ሰማችው። አልተነሳችም። እንባዋ ግን ከዚያ ወዲያ አልቆም አላት። ዚላት ለባሏ የምታለቅስ መስሏት አቅፋ አባበለቻት። ሳሬም ግን ያለቀሰችው ለቤርዛን ነበር፤ ይህንንም ለዚላት ልትነግራት አልቻለችም።